የአራተኛው ፎቅ ኦፕሬተር

የእትዬ አጸደን ሞት መጀመሪያ የነገረኝ ስልኬ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ዋይፋይ ስከፍት፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ ጠፍቶ የማያውቀው «ማዕከል» የሚለው ስም የለም። ያሉት ከማዶው ብሎክ እየተንጠባጠቡ የሚደርሱን፣ የማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ስሞች ናቸው። «ማዕከል» የእሳቸው ነበር። ማታ ሲተኙ ያጠፉታል፣ ጎሕ ሲቀድ ያበሩታል። መብራት ካልጠፋ በቀር ሳይበራ የቀረበት ጠዋት ትዝ አይለኝም፤ ያን ዕለት ደግሞ መብራት አለ።

ቤት ስልካቸው ላይ ደወልኩ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ እሳቸው ከራሴ በላይ፤ ስለዚህ ስልኩ ሲጮኽ በጆሮዬም በጣሪያዬም እሰማዋለሁ። እትዬ አጸደ ስልክ ከሁለቴ በላይ አስጮኸው አያውቁም። «ሦስተኛ ከጮኸ ኦፕሬተሯ ወይ ሞታለች ወይ ሻይ ልትጠጣ ወጥታለች» ይሉ ነበር። ከዚያ ቤት ወጥተው ሻይ መጠጣት ካቆሙ ደግሞ ቆይተዋል። ስልኩን ሳልዘጋው፣ እሱም ከላይ እየጮኸ፣ ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ።

እትዬ አጸደ አጭር፣ ደቃቃ ሴት ነበሩ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ግን የሚፈልጉት ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ነው። ድምፃቸው ብቻ አላረጀም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብለው፣ ገመድ እየነቀሉ እየሰኩ፣ ሚኒስትሩን ከዘበኛው፣ ዘበኛውን ከሚስቱ ሲያገናኙ ኖሩ። ያ ሥራ ድምፃቸውን የሃያ ዓመት ልጅ አድርጎ አስቀርቶታል። አንደኛ ፎቅ የገባ ቴዲ የሚባል አዲስ ተከራይ፣ የታክሲ ሹፌር ነው፣ በስልክ ብቻ ሰምቷቸው ሻይ ልጋብዝሽ ብሏቸው ያውቃል። «ደስ ይለኛል፤ ግን ወደ ላይ መውጣት ያለብዎ እርስዎ ነዎት» አሉት። ወጣ። በሩ ሲከፈት ያየውን ሲነግረኝ እስከ ዛሬ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል። ሻዩን ግን ጠጥቶ ነው የወረደው።

ወደ ላይ መውጣት ያለበት ሌላው ሰው የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላቸው እግራቸው ጤነኛ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ሲባሉ «ነፋስ አለው» ብለው ተደሰቱ። ሊፍት የሚባል ነገር የለም፣ ዕጣ ደግሞ ጉልበት አያይም። ከዓመታት በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፣ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፣ በሰው ሸክም ወደ ቤታቸው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ደረጃው ለእሳቸው አበቃ። ዓለማቸው ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮትና ኮሪደሩ ሆነ። ከመስኮቱ የልደታ ማርያም ጉልላትና የብሎካችን ልብስ ማስጫ ይታያል። ካቶሊክ ናቸው፣ የጉራጌ ልጅ፤ ግን የልደታ ደወል በተደወለ ቁጥር ያማትባሉ። «ደወሉ እንኳ ሳይወጣ አይሰማም» አሉኝ አንዴ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልጠየቅኳቸውም።

ልጃቸው ሳምሶን አንድ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው። አያት አካባቢ ቤት ሠርቶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። እናቱ ከሆስፒታል ሲወጡ ብቸኝነቱ እንዳይገድላቸው ብሎ ኮምፒውተር ገዛላቸው፣ በቤት ስልካቸው መስመር ላይም ኢንተርኔት አስገባላቸው። ያኔ በብሎካችን ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ፣ ኢንተርኔቱን ተቀብሎ በአየር የሚያድለውን ያን ትንሽ ሣጥን፣ ራውተሩን ማለቴ ነው፣ በመስኮቱ ላይ አስቀመጠና እንዴት እንደሚታዘዝ አሳያቸው። እያንዳንዱ ስልክ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ ከተጻፈ ይገባል፣ ካልተጻፈ ውጭ ይቀራል። እትዬ አጸደ ሰውዬውን በደንብ እስኪጨርስ እንኳ አላስጨረሱትም። «ይሄማ ማዕከል ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ያዙ። ማንም የብሎካችን ሰው ኢንተርኔት ሲፈልግ በቤት ስልካቸው ይደውላል።

«ማዕከል፣ ምን ልርዳዎ?»

«እትዬ፣ ሙኒር ነኝ። ኢሜይል ልልክ ነበር።»

«ስልኩን አይዝጉት።» ቁልፎች ሲነካኩ ይሰማል። «ተገናኝተዋል። የጋሽ ሽኩር ልጅ ፈተና ስላላት ፊልም እንዳያወርዱ።»

እኔን በአካል ሲያገኙኝ «አንተ ሙኒር፣ ፂምህን ተላጭ» የሚሉኝ ሴትዮ መስመር ላይ ሲሆኑ እርስዎ ይሉኛል። የጋሽ ሽኩርን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም እርስዎ ይሏታል። መስመር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባለጉዳይ ነው፣ ባለጉዳይ ደግሞ አንተ አይባልም። ሲጨርሱ ካልደወሉላቸው ራሳቸው ደውለው «ጨርሰዋል ወይ?» ብለው ይቆርጣሉ። ብዙዎቻችን አጉረምርመናል፤ ፓስወርዱን ለሁላችንም ሰጥተው ለምን አይገላገሉም ብለን። መልሳቸው አንድ ነበር፤ መስመሩ ቀጭን ነው፣ ሁሉም ባንዴ ከገባ ማንም አልገባም ማለት ነው። ትክክል ነበሩ። ትክክል መሆናቸው ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር። ለራሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት፣ መስመሩ ጥሩ በሆነበት ሰዓት፣ እንደ ልባቸው ይጠቀማሉ። ስንቀልድባቸው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉናል።

በራውተሩ ላይ ሹም ነበሩ። በገዛ ኮምፒውተራቸው ላይ ግን እንግዳ ነበሩ። አንዴ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ነገር ነክተው ኮምፒውተሩ በቫይረስ ተሞላ፤ ሳምሶን ቀኑን ሙሉ ሲያጸዳ ዋለ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያደርገውን አደረገ፤ አዛዥነቱን ለራሱ አስቀርቶ ለእናቱ የተወሰነ ፈቃድ ብቻ ሰጣቸው። መክፈት፣ ማንበብ፣ ማየት ይችላሉ። ከዚያ ያለፈ ማናቸውንም ነገር ሲነኩ መስኮት ብቅ ይልና የአድሚኒስትሬተሩን ፓስወርድ ይጠይቃል። አማርኛ መጻፊያ ሊጭኑ ሲሉ ብቅ ይላል። የተበላሸ ሰዓት ሊያስተካክሉ ሲሉ ብቅ ይላል።

«ምን ይላል?» አሉኝ መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀን።

«አድሚኒስትሬተሩን ጥሪ ነው የሚለው።»

«እሱ ማነው?»

«የኮምፒውተሩ አዛዥ። ባለቤቱ እንደማለት።»

ዞር ዞር ብለው ቤታቸውን አዩ። «እዚህ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

ሳምሶን የሚመጣው እሁድ እሁድ ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሁሉ እሁድን ይጠብቃል። ሰኞ የተበላሸ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ተበላሽቶ ይቆያል። ቅር ቢላቸውም አይወቅሱትም፤ ፍራፍሬ ተሸክሞ አራት ፎቅ የሚወጣ ልጅ ነው፣ ጋዙንም ውሃውንም የሚያስሞላ እሱ ነው። ሆስፒታል ተኝተው ሳለም ሂሳብ መክፈልና ጉዳይ ማስፈጸም እንዲችል ሙሉ ውክልና ፈርመውለት ነበር፤ ቤቱንም ጭምር። ሁሉም ነገር የተደረገው በፍቅር ነው። እኔ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ባለች የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ አቤቱታ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ፤ በፍቅር የተደረገ ነገር ምን ያህል ወረቀት እንደሚያስጽፍ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ደወሉልኝ። እርስዎ አላሉኝም።

«ሙኒር፣ ማዕከሉ ሞተብኝ።»

ሥራ እንደጨረስኩ ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ፊት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የሆነው ይህ ነው፤ የድሮ ልማዳቸውን ይዘው አልፎ አልፎ ሰሌዳውን ያጸዳሉ፤ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ ሰርዘው፣ የወጣውን አስወጥተው፣ ያለውን እንደ አዲስ ይመዘግባሉ። ያን ቀን ሁሉንም ሰረዙና አስቀምጥ የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ አንድ ሰው ሊጨምሩ ሲሉ ገጹ አልከፈት አላቸው።

«የራስዎንም ኮምፒውተር ሰርዘውታል እኮ» አልኳቸው። «ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ አይገባም። እርስዎም የሉበትም።»

«እኔማ ለምን እጻፋለሁ?» አሉ። «እኔ ኦፕሬተሯ ነኝ። ኦፕሬተር የራሷ ቁጥር የላትም።»

እስከዚያ ቀን የእሳቸው ኮምፒውተር ዝርዝሩ ላይ የነበረው ባለሙያው መጀመሪያ ጽፎት ስለሄደ ነበር፤ አላስተዋሉትም። ያን ዕለት ግን ጥሩ ጽዳት ስላደረጉ አብረው ተጠረጉ። ሳቄ መጣ፣ እሳቸው ግን ስላልሳቁ ዋጥኩት። ያ ትንሽ ሣጥን እዚያው መስኮቱ ላይ፣ እጃቸውን ቢዘረጉ የሚደርሱበት ቦታ ሆኖ አረንጓዴ መብራቱን ያበራል፤ እኛን ሁላችንንና እሳቸውን ውጭ አስቀርቶ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። በአየር የሚመጣውን ነው እንጂ በኬብል የገባውን ራውተሩ አይጠይቅም። ኬብሉን ከሣጥኑ ጀርባ ወደ ኮምፒውተሩ ሰካሁት። ምንም የለም። ሳምሶን የኬብሉን መግቢያ ዘግቶታል። ልክፈተው ስል ያ መስኮት ብቅ አለ፤ የአድሚኒስትሬተሩን ፓስወርድ ያስገቡ።

ስልኩን አንሥተው ደወሉለት። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«እማዬ፣ ስብሰባ ልገባ ነው፣ ሰላም ነሽ?»

«ሰላም ነኝ። ይቺን ፓስወርድ ንገረኝማ፣ ሙኒር አጠገቤ አለ፣ አሁኑኑ ጨርሶ ይሄዳል።»

«ፓስወርድ በስልክ አይነገርም እኮ እማዬ። እሁድ እመጣ የለ?»

«ብሎኩ በሙሉ ተቋርጧል።»

«የብሎኩ ሰው ራሱን ይቻል። አንቺ ለምን ትጨናነቂያለሽ? ደግሞ…» ቆም አለ። «ደግሞ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል? እሁድ ቁጭ ብዬ ልነግርሽ ነበር። ለቤቱ ጥሩ ተከራይ አግኝቻለሁ። ሰኞ እንፈራረማለን። እኛ ጋ ያለውን ክፍል አሳድሼልሻለሁ፤ መሬት ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ፀሐይ አለው።»

እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እማዬ? አለሽ?»

«እኔ ሳልፈርም?»

«ውክልናው አለኝ እኮ። አንቺ ምንም አትደክሚም።»

በዚያ በሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ፣ ፍጹም በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ መስመሩ ተይዟል፤ ቆየት ብለው ይደውሉ» አሉትና ዘጉት። ልጃቸውን እርስዎ ሲሉት የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አላነሡትም። እስኪያቆም ድረስ ሁለታችንም አየነው።

ከሱቅ ላፕቶፕ ላምጣና በኬብል ልግባበት፣ ቢያንስ ኢንተርኔቱ ይከፈት አልኳቸው።

«ኢንተርኔቱን ተወው» አሉኝ። «ውክልና እንዴት ነው የሚሻረው?»

በቀን ስንቱን የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ የሳምሶን ነገር ነው። ሳምሶን ክፉ ሰው አይደለም፣ ያለውም ምክንያት አለው፣ እኔም እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ብትታሰር ምድር ቤት አወርዳት ነበር። ይህንኑ በለሆሳስ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እጣላው ነበር። ስማ ሙኒር፤ እዚህ ያሰረኝ ደረጃ ነው። ደረጃ አልከፋበትም፣ ሲሚንቶ ነው፣ ምን አጠፋ ብዬ? እዚያ ብሄድ ግን መስኮት ለመክፈት እሁድን ልጠብቅ ነው። እዚያ ሁሉም ቀን እሁድ ነው፤ ሁሉም ቀን ፈቃድ ያስጠይቀኛል።» ከዚያ አለቀሱ። ሲያለቅሱ ድምፃቸው አረጀ፤ ያንን ባልሰማሁ ብዬ ነበር።

ለታመመ ሰው ቤት ድረስ መጥተው የሚያስፈርሙበት መንገድ እንዳለ ነገርኳቸው። እንቢ አሉ። አልጋ ላይ ሆኜ ከፈረምኩ ነገ አእምሮዋን ስታ ነው ይባላል፣ ሄጄ፣ ተቀምጬ፣ ለጠየቁኝ መልሼ ነው የምፈርመው አሉ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ያለን ዓርብ ብቻ ነው።

ጋሽ ሽኩር ምድር ቤት ይኖራሉ፣ አብነት ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አልጠየቁኝም። ጠዋት ላይ ክንድ ያለው ጠንካራ ወንበር ይዘው መጡ፤ ከሥሩ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም አጣና በብሎን አሥረውበታል። እሳቸው ከፊት፣ እኔና ቴዲ ከኋላ ሆነን ተሸከምናቸው። እትዬ አጸደ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ፈርተው ነበር፤ በአንድ እጃቸው የወንበሩን ክንድ አጥብቀው ይዘዋል። ግን ሥራ ከተሰጣቸው ፍርሃት አይቆምባቸውም። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ጠባብ ስለሆነ ወንበሩን ከብረቱ በላይ ማንሣት ግድ ነው።

«ቴዲ፣ ከፍ ያድርጉ። ጋሽ ሽኩር፣ ወደ ግራዎ። ሙኒር፣ አይቸኩሉ። አሁን። ተገናኝተዋል።»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሳርፉኝ አሉን። በሮች ተከፍተው ሰው ወጥቷል። በየቀኑ የሚያገናኟቸው ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹን አይተዋቸው አያውቁም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት «እንደምን አደሩ እትዬ» ስትላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟትና «የሁለተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ፣ በጠዋት ደዋይ» አሏት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው። ፊቷን በእጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። ሰዓቱ እየሄደብን ቢሆንም እንሂድ ለማለት አልደፈርኩም።

ቴዲ በታክሲው ወሰደን። የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮው ውስጥ ሰው ተሰልፏል፣ ለወንበሩ ግን መንገድ ለቀቁለት። ያስተናገደችን ወጣት ሴት ጨዋ ነበረች። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የት እንደሚኖሩ ጠየቀቻቸው። በገዛ ፈቃዳቸው እንደሆነም ጠየቀቻቸው። «ደግሞ ማንን ላስፈቅድ?» አሏት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸውና ፈገግ አለች። የጻፍኩትን ወረቀት አነበበችላቸው፣ ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ። ወደ ቤት ስንመለስ ቴዲን በፍርድ ቤቱ በኩል፣ በጽሕፈት ሱቄ በር፣ በአብነት ዞረህ ውሰደኝ አሉት። መስኮቱን ከፍተው እስከ ብሎካችን ድረስ እያዩ ሄዱ። ከዚያ መልሰን አወጣናቸው። መውጣቱ ከመውረዱ ከባድ ነበር።

እሁድ ዕለት ሳምሶን መጣ። እኔንም እንደ እማኝ አስጠርተውኛል። ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። ፊቱ ደም ለበሰ፣ መጀመሪያ የዞረው ወደ እኔ ነው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«የጻፈው እሱ ነው፣ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሳምሶን ተቀመጠ። የያዘው ፌስታል ከእጁ ተንሸራተተ፤ ብርቱካኑ ወለል ላይ ተንከባለለ፣ ማናችንም አላነሣነውም። «ብትወድቂስ?» አላቸው። «እዚህ ብቻሽን ብትሞቺስ እማዬ? ማን ይሰማሻል?»

«ብሞት ቤቴ ውስጥ ሞትኩ ነው የሚባለው።» እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ። «አልተቆጣሁህም። ክፍልህም ጥሩ ክፍል ነው። ግን እኔ ገና አልጨረስኩም ልጄ፤ ጨርሰሻል ወይ ብለህ ሳትጠይቅ ቆረጥከኝ። አሁን ተነሥና ይሄንን ክፈትልኝ።»

ኮምፒውተሩ ፊት ወስደው አስቀመጡት። ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ፓስወርዱን ጻፈ፣ ገጹን ከፈተ፣ የእናቱን ስም አድሚኒስትሬተር አደረገው፣ የራሱን ስም አጠፋ። አዲስ ፓስወርድ ሲጠይቅ እትዬ አጸደ «ዙሩ» አሉን። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ሳምሶን አጠገቤ ቆሞ የልደታን ጉልላት ያያል። ከኋላችን ቁልፎቹ አንድ በአንድ፣ በዝግታ፣ ይነካካሉ። ሲጨርሱ የኬብሉን መግቢያ ራሳቸው ከፈቱ፣ ወደ ራውተሩ ገቡ፣ ባዶው ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የራሳቸውን ኮምፒውተር ጻፉ።

ነፃ ወጡ ብዬ ባበቃው ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልወረዱም። ጋሽ ሽኩር ወንበሩን ደረጃው ሥር አስቀምጠውላቸው ነበር፤ በፈለጉ ጊዜ እንሸከማለን ብለን ነግረናቸዋል። «እሺ» ይላሉ፣ አይጠሩንም። ሰው ማስቸገር እስር ነው ይሉ ነበር። ክረምት ሲሆን በጣም ይከፋቸዋል። አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ደውለው፣ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ «መስመሩን እየሞከርኩ ነው፤ ይሰማል?» ይሉኛል። «ይሰማል እትዬ» እላለሁ። «መልካም» ብለው ይዘጋሉ። አንድ አመሻሽ ላይ ግን አልዘጉትም። «ሙኒር፣ ጥሩ አደረግኩ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አሁንም አዎ ነው የምለው፤ ግን ያኔም አሁንም እንደ ድንጋይ ይከብደኛል። ሳምሶን ለተወሰነ ጊዜ ቀረ፣ ከዚያ እንደ ድሮው እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረ። በር ላይ ሆኖ «ልግባ?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። ድሮ አይጠይቅም።

ያን ጠዋት በራቸው ላይ ስደርስ ስልኩ ውስጥ መጮኹን አላቋረጠም። ትርፍ ቁልፉ ጋሽ ሽኩር ዘንድ ነበር፤ ጠርቻቸው ከፈቱ። አልጋቸው ላይ፣ በጎናቸው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ነበር። የእጄን ስልክ የዘጋሁት ያኔ ነው።

አስከሬኑን ያወረድነው እኔ፣ ጋሽ ሽኩር፣ ቴዲና ሳምሶን ነን። መታጠፊያው ላይ ወደ ግራ የሚለን ሰው አልነበረም። የሣጥኑ ጥግ ግድግዳውን ፋቀው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጭረቱ እስከ ዛሬ አለ።

ከለቅሶው በኋላ ሳምሶን ለሙት ዓመት የሚሆን ፎቶ ከኮምፒውተሩ እንድናወጣ ጠራኝ። አብረን ተቀመጥን፣ አበራው። ሁለት ስም ወጣ። አንደኛው «አጸደ» ይላል። ሁለተኛው «ሳምሶን»። አላወቀም ነበር፤ እኔም አላወቅሁም። መቼ እንደከፈቱለት እግዜር ይወቅ።

የእሳቸውን ሲነካው ፓስወርድ ጠየቀው። የራሱን ሲነካው ያለ ምንም ጥያቄ ተከፈተ። ውስጡ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ ሳምሶን በሕፃንነቱ፣ ሳምሶን በትምህርት ቤት ልብስ፣ እሳቸው በዚያች ምድር ቤት ክፍል የጆሮ ማዳመጫ አድርገው እየሳቁ። ያችን መረጠ። ከዚያ ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ብሎ የእናቱን ፋይሎች ሊከፍት ሞከረ። መስኮቱ ብቅ አለ፤ ይህን ለማየት የአድሚኒስትሬተሩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለእናቱ የሰጣቸውን ያህል ነበር የሰጡት። ማየት ይችላል፣ ከዚያ ያለፈውን ይጠይቃል።

ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አሁን ማንን ነው የማስፈቅደው?» አለኝ።

ሳምሶን የኮምፒውተር ሰው ነው፤ ያንን ፓስወርድ ሳያውቀው መክፈት ለእሱ የሻይ መጠጫ ያህል ጊዜ አይፈጅበትም። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ተነሥቶ ኮምፒውተሩን አጠፋው። ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀለ፣ ጠቀለለ፣ ራውተሩንም ከመስኮቱ አነሣ።

«እንዳለ ይቀመጥ» አለ።